አልጋችን ገላን፣ ልባችን መሀል ከተማ



ከእሁድ አምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደጋግመን ከምንሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ከመሀል ከተማ ልንወጣ ነው፤ ለልጆች የሚመቸው የቱ ሳይት ነው? ገላን ይሻላል? ኮዬ ፈጬ? ቦሌ አራብሳ? ወይስ የካ አባዶ?» መልሱም ወዲያው ይጎርፋል። አንዱ ስለ ውሃ ፈረቃ ይናገራል፣ ሌላው ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ሦስተኛው ስለ ዋጋ፣ አራተኛው ጀሪካን ተሸክሞ እስከ ላይኛው ፎቅ ስለ መውጣት። ሁሉም የሚናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ሰው ይበተናል፦ ወደዚያ ሰፈር የምንሄደው እኛ ነን ወይስ አልጋችን ብቻ?

ይህን የምጽፈው ገላን ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ ነው፤ ክርክሬም ከራሳችን፣ ከወንጌል አማኞች ጋር ነው። «ለልጆቻችን ስንል ወጣን» እንላለን፤ ልጆቻችን ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ አያገኙንም፣ እሁድንም በመንገድ ላይ እንጨርስባቸዋለን። «እግዚአብሔር ቤት ሰጠን» ብለን መድረክ ላይ መስክረናል፤ በሰጠን ቤት ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ግን በስም ሳናውቃቸው ዓመታት አልፈዋል። አንድ ሰፈር ለቤተሰብ የሚመቸው ቤተሰቡ እዚያ ሲኖርበት ነው። ማደር መኖር አይደለም።

ቤቱ በረከት ነው

በመጀመሪያ ጥያቄውን እንደማልንቀው ይታወቅልኝ። ከመሀል አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው በቅብጠት አይወጣም። አንዳንዱን የቤት ኪራይ ገፍቶ አስወጥቶታል። አንዳንዱን «ልጅ ላለው አናከራይም» ያለ አከራይ። አንዳንዱ ደግሞ ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረው እጣ ደርሶት ነው። በ2005 ዓ.ም. በ20/80 እና በ40/60 ተመዝግበው ከጉሮሯቸው እየነጠቁ የቆጠቡ ወገኖቻችንን እናውቃቸዋለን። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የ51,229 ቤቶች እጣ የወጣ ቀን በአንዱ ቤት እልልታ፣ በሌላው ቤት እንባ ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25,791 ቤቶች እጣ ወጥቶ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ሲሰረዝ፣ «ደረሰን» ብለው ያመሰገኑ ቤተሰቦች ስማቸው እንደገና እስኪወጣ ወይም እስኪቀር ድረስ እስከ ኅዳር 2015 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባቸው። እንዲህ ተጠብቆ የተገኘን ቤት የሚያናንቅ ሰው የኪራይን ምሬት አያውቅም።

ገላንም ቢሆን የሚወደድ ነገር አለው። በብሎኮቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ልጅ ይሮጥበታል። የራስ በር፣ የራስ ሽንት ቤት፣ ጠዋት በመስኮት የሚገባ ፀሐይ፤ በአንዲት ክፍል ተጨናንቆ ለኖረ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምሳሌ 16፥33 እጣ ቢጣልም ውሳኔው ከጌታ ዘንድ መሆኑን ያስተምረናል። እንግዲያው ከቤቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ቤቱን ከተቀበልን በኋላ ከምንኖረው ኑሮ ጋር ነው።

ሎጥ ያላሰላው ሂሳብ

ዘፍጥረት 13 ላይ ሁለት ቤተሰቦች ሰፈር ሲመርጡ እናያለን። ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ሜዳ አየ፤ ውሃ የጠገበ ነበር። ከብት ላለው ሰው ከዚያ የተሻለ ሳይት አይገኝም። ሎጥን ውሃ በመፈለጉ የሚወቅሰው የለም። ምድሪቱ ለከብቶቹ ምን እንደምትሰጥ አሰላ፤ ለሴቶች ልጆቹ ምን እንደምታደርግ ግን አላሰላም። በምዕራፍ 13 ድንኳኑን ወደ ሰዶም አስጠጋ፤ በምዕራፍ 14 ሰዶም ውስጥ ይኖር ነበር፤ በምዕራፍ 19 በከተማይቱ በር ተቀምጦ እናገኘዋለን። በመጨረሻዋ ሌሊት አማቾቹን ሲያስጠነቅቃቸው የሚቀልድ መሰላቸው። ያን ያህል ዘመን ሲኖር በገዛ ቤተሰቡ ውስጥ ቃሉን ከምር የሚሰማ ሰው አላፈራም ነበር።

አብራምስ? ለእርሱ የቀረው ያን ያህል ለዓይን የሚያምር አልነበረም። ወደ ኬብሮን ሄዶ ድንኳኑን ተከለ፤ በቁጥር 18 እንደምናነበውም እዚያው ለጌታ መሠዊያ ሠራ። ልብ እንበል፤ አብራም ቀድሞ በቤቴል አጠገብ መሠዊያ ነበረው። ይወደውም ነበር፤ ከግብፅ ሲመለስ እንኳ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያው ነው። ድንኳኑ ወደ ኬብሮን ሲዛወር ግን «መሠዊያዬ ቤቴል ነው» ብሎ አልቀረም። ድንኳንና መሠዊያ አብረው ሄዱ። የእኛ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ድንኳናችንን ገላን ተክለን መሠዊያችንን ፒያሳ ትተናል።

ይህንኑ ታሪክ እያነሡ «መሀል ከተማው ሰዶም ነው፤ ዳር ወጥተን ልጆቻችንን እናድን» የሚሉ ወገኖችም አሉ። ለእነዚህ የምለው አጭር ነው። ኃጢአትን ቀለበት መንገድ አያግደውም። ጫቱም ውርርዱም ታክሲ ተሳፍሮ ገላን ይደርሳል። በልጁ እጅ ያለው ስልክ ቱሉ ዲምቱን ሲያልፍ አይጠፋም። ልጅን የሚጠብቀው ከከተማ መራቁ ሳይሆን አባትና እናቱ አጠገቡ መሆናቸው ነው።

አርባ ቀንና አርባ ሌሊት

እስቲ አሁን እኛም ሂሳብ እንሥራ። ገላን ከመስቀል አደባባይ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው በጨለማ ተነስቶ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ጎተራ እያለ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ እስከዚያ ያለውን በታክሲ ወይም በአውቶቡስ መድረስ ግድ ነው። የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ስለሆነ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ከገላን አዳማ መሄድ ሜክሲኮ ከመሄድ ይቀላል ብለው የሚቀልዱም አሉ። ቀልዱ ውስጥ ያለው ድካም ግን እውነተኛ ነው።

ሰልፉና መጨናነቁ ተደምሮ ለመሄድ ሁለት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅበትን አባት እንውሰድ። በቀን 4 ሰዓት። በሳምንት 5 የሥራ ቀን 20 ሰዓት። በዓመት 48 የሥራ ሳምንት 960 ሰዓት። ይህን ለ24 ስናካፍለው 40 ይመጣል። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት! ሙሴ ይህን ያህል ጊዜ ከሕዝቡ ተለይቶ በተራራው ላይ ቢቆይ፣ ሲመለስ የወርቅ ጥጃ ተሠርቶ ጠበቀው። እርሱ የሄደው ያውም ወደ እግዚአብሔር ነበር። እኛ በየዓመቱ አርባ ቀን ከልጆቻችን ስንለይ ምን ተሠርቶ እየጠበቀን ይሆን?

ዘዳግም 6፥7 ቃሉን ለልጆቻችን የምናስተምርባቸውን ጊዜያት ይቆጥራል፤ በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድ ስንሄድ፣ ስንተኛ፣ ስንነሣ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከቤት ወጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል የሚገባ አባት ከአራቱ ስንቱ ይተርፉታል? ልጁ ሲነሣ እርሱ የለም። ልጁ ሲተኛ እርሱ ገና መንገድ ላይ ነው። በመንገድ ይሄዳል፤ ልጁ ግን አብሮት አይሄድም። ይህ አባት ሰነፍ ነው አላልኩም፤ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። እናቲቱም ሥራ ካላት ሸክሙ እጥፍ ነው፤ ከዚያው ታክሲ ወርዳ እንጀራውም ውሃውም የልጆቹ የቤት ሥራም ይጠብቃታል። እንዲህ እየደከምን ግን «ለልጆች ስል ነው» የምንለው ቃል ምን ያህል እንደሚያዋጣ ቁጭ ብለን ማየት አለብን።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ አገሩ ማኅበራዊ ሕይወት መዳከም ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዕለት ምልልስ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ሰው በማኅበረሰቡ ጉዳይ የሚኖረውን ተሳትፎ በ10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ጽፏል። የራሳቸው መኪናና ሰፊ መንገድ ስላላቸው ሰዎች እንዲህ ከተባለ፣ ቆሞ በአውቶቡስ ስለሚሄደው ወንድማችን ምን ሊባል ነው?

«ታዲያ ምን አማራጭ አለኝ? ሥራዬ እዚያ፣ ቤቴ እዚህ» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነቱን ነው። ሁሉም ሰው ሥራውን ይዞ መዛወር አይችልም። የሰኞውን መንገድ እንጀራ አዝዞበታል። የእሁዱን መንገድ ግን ማን አዘዘበት?

የእሁዱ መንገድ

እሁድ ጠዋት ገላን ላይ ቆማችሁ እዩ። መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ ቤተሰቦች፣ ልጆቻቸውን በንጽሕና አልብሰው፣ ታክሲ ይጠብቃሉ። አንዱ ወደ ቄራ፣ ሌላው ወደ ልደታ፣ ሌላው ወደ ቦሌ። ከአንድ ብሎክ የወጡ አምስት አማኝ ቤተሰቦች በአምስት አቅጣጫ ይበተናሉ፤ ብዙ ጊዜም አንዱ የሌላውን እምነት አያውቅም። በሰባቱ ቀን ውስጥ ቤተሰቡ አብሮ የሚውልበት አንድ ቀን ነበር፤ እርሱንም ለመንገድ ሰጠነው። ልጆቹ እየተኙ ይሄዳሉ፣ ተርበው ይመለሳሉ። የሰንበት ትምህርት ጓደኞቻቸው 20 ኪሎ ሜትር ርቀው ይኖራሉ፤ የሰፈር ጓደኞቻቸው ደግሞ የእነርሱን ዝማሬ አንድ ቀን ሰምተው አያውቁም።

«አጥቢያዬን እንዴት እተዋለሁ? ጌታን ያገኘሁት እዚያ ነው፣ የተዳርኩት እዚያ ነው፣ መዘምራን ውስጥ ያለሁት እዚያ ነው» ይባላል። ይህ ፍቅር ክቡር ነው፤ አብራምም ቤቴልን ይወድ ነበር። ዕብራውያን 10፥25ን ጠቅሶ «መሰብሰባችንን አንተው ተብሏል» የሚልም አለ። መልካም፤ ግን ክፍሉ አንዱ ሌላውን እንዲያነቃቃና እንዲመክር ነው የሚያዝዘው። ማክሰኞ ሌሊት ልጅህ ትኩሳት ሲይዘው ቄራ ያለው የኅብረት መሪህ ምን ሊያደርግልህ ይችላል? ስልክ ደውሎ ይጸልይልሃል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። በርህን አንኳኩቶ ልጁን ተሸክሞ ከደረጃው የሚያወርድልህ ግን ስሙን የማታውቀው የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤትህ ነው።

ሌላው ክርክር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ገላን ያለችው አጥቢያ ትንሽ ናት፤ አዳራሿ ኪራይ ነው፤ መዝሙሩ አይጥመኝም፤ በዚያ ላይ የልጆች አገልግሎት የላትም።» እህቴ፣ የልጆች አስተማሪ የሌላት አስተማሪዋ ሁልጊዜ እሁድ በደጃፏ አልፋ ታክሲ ስለምትሳፈር ነው። ኪቦርድ የሚጫወት የጠፋው ተጫዋቹ ቦሌ ስለሄደ ነው። እኛ ጥለናት እናልፋለን፤ ከዚያ ደግሞ ባዶ ናት ብለን እንነቅፋታለን።

እርግጥ ነው፣ በሰፈሩ የተከፈተ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ትንቢት እየሸጠ፣ ዘይትና ውሃ እያዞረ ሰው የሚዘርፍ ካለ፣ ቅርብ ነው ተብሎ ልጅን ወደዚያ ይዞ መሄድ የለም። ግን ያኔም መፍትሔው በሳምንት አንዴ መሸሽ አይደለም። ሳሎን አለህ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። አዳራሾቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። አማኞቹ በየቤቱ፣ ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቃሉን ያጠኑ ነበር። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ በግልጽ መሰብሰብ ሲጀመር ቁጥራቸው ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ የሆነው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ያውም የሰው ኮቴ እየተፈራ። የእኛ ሳሎን ቢጠብም ስድስት ሰውና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ይይዛል፤ የሚከለክለንም የለም። በቀድሞ አጥቢያህ ሽማግሌዎች ሥር ሆነህ፣ ተባርከህና ተልከህ ኅብረት ክፈት።

ስንከፍት ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅ አይዝም። እኩለ ሌሊት ላይ በድምፅ ማጉያ ጸልየን ጎረቤቱን ካስመረርነው፣ በማግሥቱ የምንነግረውን ወንጌል ጆሮው አይቀበለውም። የደርግ ዘመን አማኞች በሹክሹክታ ጸልየው ተሰምተዋል፤ እግዚአብሔር ማይክ አይፈልግም።

ለመሀል ከተማ አጥቢያዎች መጋቢዎችና ሽማግሌዎችም፣ በአክብሮት፣ የምለው አለኝ። ነህምያ 11ን እናንብብ። ኢየሩሳሌም ቅጥሯ ተሠርቶ ነዋሪ ባጣች ጊዜ ሕዝቡ እጣ ተጣጣለ፤ ከአሥሩ አንዱ ቤቱን ለቅቆ እዚያ ሊኖር ሄደ። በፈቃዳቸው ለመሄድ የተነሡትንም ሕዝቡ ባረካቸው። ዛሬም እጣ ወጥቷል፤ ከአባሎቻችሁ ብዙዎቹ ወደ ገላንና ወደ ኮዬ ሄደዋል። እናንተ ግን ቤቱን ባርካችሁ ሰውየውን አልላካችሁትም። ሲቀር «ጠፋ» ትሉታላችሁ፤ ሲመጣ አሥራቱን ትቀበላላችሁ። ለቤት ምርቃት 20 ኪሎ ሜትር የመጣችሁ፣ በዚያው ሰፈር ያሉ አባሎቻችሁን ሰብስባችሁ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አገልግሉ» ለማለት መምጣት አያቅታችሁም። መሸኛ ደብዳቤ መጻፍ አባል ማጣት የሚመስላችሁ ከሆነ፣ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በሐዋርያት ሥራ 13 በርናባስንና ሳውልን ጾማ፣ ጸልያ ስታሰናብት ምን ያጣች ይመስላችኋል?

ደረጃው ላይ ያሉ ሰዎች

መሠዊያው ከድንኳኑ አጠገብ ሲሆን ዓይናችን ጎረቤቱን ማየት ይጀምራል። የገላን ጎረቤት ማን ነው? እንደ እኛ ቆጥቦ እጣ የደረሰው አለ። ተከራይ አለ። ሳይመርጥ የመጣም አለ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ የተነሡ ቤተሰቦች በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ገላን ጉራ ሰፍረዋል። «የቱ ሳይት ይሻላል?» ብለው ለመጠየቅ ዕድል አልነበራቸውም። ካዛንቺስ ላይ ቡና አፍልታ የምታድር እናት ደንበኞቿን ይዛ አልመጣችም። ዕድሩን ለዘመናት የከፈለ አዛውንት ቀባሪዎቹን ይዞ አልመጣም። እነዚህ ሰዎች ከእኛ የሚያስፈልጋቸው ትራክት ብቻ አይደለም።

ከሁላችንም በፊት እዚህ የነበሩም አሉ። ዛሬ ብሎክ የቆመበት መሬት እህል የሚዘራበት ማሳ ነበር። በእነዚህ አካባቢዎች መሬት ላይ ምን ያህል ቁስል እንዳለ በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ እጣ ሲወጣ የተነሣው ተቃውሞ አሳይቶናል። ፖለቲካውን ለፖለቲከኞች እንተወው። አማኝ ግን ቢያንስ ወተትና እንቁላል ይዛ የምትመጣውን የገበሬ ሚስት «አካም ቡልተን» ብሎ በቋንቋዋ ሰላም ማለት አያቅተውም። ለእርሷ መጤዎቹ እኛ ነን።

ኤርምያስ 29 የተጻፈው ሳይወዱ በግድ ለተወሰዱ ሰዎች ነው። እግዚአብሔር ለእነርሱ እንኳ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆች እንዲድሩ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዘ፤ የእርሷ ሰላም የእነርሱ ሰላም ነውና። የባቢሎን ምርኮኛ ይህ ከታዘዘ፣ በገዛ ፈቃዱ ውል ፈርሞ ቁልፍ የተቀበለ ሰው ምን ማመካኛ አለው?

ትእዛዙ ገላን ላይ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ዕድር ግባ። «የእኛ ዕድር መሀል ከተማ ነው» እያልን የጎረቤት ለቅሶ ስንቀር፣ ጎረቤት የሚማረው ጌንጤ ከሰው አይቀበርም የሚለውን የድሮ ቃል ነው። የብሎክህ ኮሚቴ ስብሰባ ሲጠራ ተገኝ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች በማኅበር ሆነው የጋራ ንብረታቸውን እንዲያስተዳድሩ ሥርዓት አበጅቷል፤ የደረጃው መብራት፣ የሮቶው ውሃ፣ የጥበቃው ደመወዝ የሚወሰነው እዚያ ነው። አማኞች ከዚያ ስብሰባ ሲቀሩ ታማኝ ገንዘብ ያዥ እየጠፋ ነው። እንጀራ ለመጋገርና ለድግስ ተብሎ የተሠራ የጋራ ሕንፃ በብሎኮቹ መካከል አለ፤ ሚስቶቻችን በዚያ ጭስ ውስጥ ከጎረቤት ጋር የሚያሳልፉት ሰዓት ከብዙ ስብከት ይልቅ ወንጌልን ያቀርባል። ባሎችም ብንገኝበት አንሞትም።

ገና የምትመርጡ

ቤት ገና የምትመርጡ ወገኖች ካላችሁ ደላላው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ሰፈሩን እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አትዩት፤ ያኔ መንገዱ ባዶ ነው። ሰኞ ንጋት ላይ ከዚያ ተነሥታችሁ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ሂዱ፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ባለበት ምሽትም ተመለሱ። የሰዓቱን ድምር ጽፋችሁ ባልና ሚስት ሆናችሁ ጸልዩበት። ልጁ በእግሩ የሚደርስበት ትምህርት ቤት ካለ ጠይቁ፤ በጨለማ ሰርቪስ የሚሳፈር ሕፃን እንደ አባቱ ነው የሚደክመው። በእግር የምትደርሱባትን አጥቢያ ፈልጉና መጋቢውን አነጋግሩ፤ ምን እንደምትሰብክ ብቻ ሳይሆን ምን እንደጎደላትም ጠይቁ፤ ምናልባት የጎደላት እናንተ ናችሁ። በመጨረሻም ወደ አዲሱ ሰፈር ስትገቡ መሀል ከተማ ላይ ምን እንደምትዘጉ ቁርጥ አድርጉ። ኮሚቴውን፣ መዘምራኑን፣ ሦስቱን ማኅበር ሁሉ ይዞ የሚወጣ ሰው አልወጣም።

ሂሳቡ አላዋጣም ካለ ደግሞ፣ መሀል ከተማ ጠባብ ቤት ተከራይቶ ማታ ከልጆቹ ጋር እራት የሚበላ አባት ከባለ ሦስት መኝታ ባለቤት አያንስም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ መውጣት የለም። ገላን ሄደን እናገለግላለን ብሎ የተነሣ ቤተሰብ ደግሞ ርቀቱን ሳይፈራ ይምጣ። ቦታ አለ፤ ሥራም አለ።

ለገባን

ቁልፉን ይዘን ለገባን ግን የመምረጡ ጊዜ አልፏል። የሐዋርያት ሥራ 17፥26-27 እግዚአብሔር የሰዎችን ዘመንና የመኖሪያቸውን ዳርቻ የወሰነው እርሱን እንዲፈልጉት መሆኑን ይነግረናል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የአንተ በር ከእዚህ ውሳኔ ውጭ አይደለችም። ፊት ለፊትህ የሚኖረው ሰው ጌታን ሊፈልግ ቢነሣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? በርህ ጠዋት በ11 ሰዓት ተቆልፎ ማታ የሚከፈት፣ እሁድም ቀኑን ሙሉ የተቆለፈ ከሆነ፣ እዚያ ፎቅ ላይ መብራት የለም።

እንግዲህ ወገኔ፣ በዚህ ሳምንት የጎረቤትህን ስም ጠይቅ። በሚመጣው እሁድ ልጆችህን በእግራቸው ይዘሃቸው ወደምትደርስበት ኅብረት ሂድ። ከመጋቢህ ጋር ተቀምጠህ «ላኩኝ» በለው። ልጆችህ አድገው «ያደግነው ገላን ነው» ሲሉ ታክሲ ሰልፍ ብቻ አይታወሳቸው። በሳሎናቸው የተዘመረውን፣ አባታቸው የተሸከመውን የጎረቤት ሬሳ፣ እናታቸው የቀመሰችውን የጎረቤት ቡናም ያስታውሱ።

ድንኳናችን ባለበት መሠዊያችን እንዲሆን ጌታ ይርዳን።